የፓራጎን ከተማ ዜና መዋዕል

ፓራጎን የምትባለው ከተማ የተቆረቆረችው በ2004 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር መጨረሻ ነው፤ ይህም፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንደሚጠሩት ዘመናት ሁሉ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሥፍራዋ በአሜሪካ በሮድ አይላንድ ግዛት እንደ ሆነ በታሪኳ ይነገር እንጂ፣ አደባባይዋና ሕንፃዋ፣ ወደቧና ባቡሯ ሁሉ በኮምፒውተር ውስጥ የተሣሉ ስለ ነበሩ በእግሩ የረገጣት ሰው ከቶ የለም። መሥራቿ በካሊፎርኒያ የነበረ፣ ገና ስሙ ያልገነነ፣ ክሪፕቲክ ስቱዲዮስ የተባለ የጌም ሠሪዎች ኩባንያ ሲሆን፣ ለገበያ ያቀረባት ደግሞ ኤንሲሶፍት የተባለው የደቡብ ኮርያ ኩባንያ ነበር፤ የጨዋታውም ስም «ሲቲ ኦፍ ሂሮስ»፣ ማለት የጀግኖች ከተማ፣ ተባለ። ወርኃዊ ክፍያውን እየከፈለ በየቤቱ ከኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጥ ሰው ሁሉ፣ ከማያውቃቸው ከብዙ ሺህ ሰዎች ጋር በአንድ ሰዓት በዚያች ከተማ ሰማይ ላይ ይበር፣ በጎዳናዋ ላይ ይሮጥ፣ ከወንበዴዎቿ ጋር ይዋጋ ነበር።

ነገር ግን ይህችን ከተማ ከዘመኑ ጨዋታዎች የለያትና በኋላም ወደ ችሎት ያስጎተታት መግቢያ በሯ እንጂ ውጊያዋ አልነበረም። ማንም ወደ ፓራጎን ከመግባቱ አስቀድሞ ጀግናውን ራሱ መፍጠር ይገባው ነበርና፣ የኃይሉን ምንጭ ከተፈጥሮ ችሎታ፣ ከአስማት፣ ከሳይንስ፣ ከቴክኖሎጂ፣ ወይም ሲወለድ አብሮት ከመጣ የባሕርይ ለውጥ አንዱን መርጦ፣ በውጊያም የሚይዘውን ተግባር ከአምስት ማዕርጋት አንዱን ከወሰደ በኋላ፣ ወደ ልብሱ ይዞራል። ጭንብሉ፣ ጓንቱ፣ ጫማው፣ መታጠቂያው፣ በደረቱ ላይ የሚያርፈው ምልክት፣ የቁመቱ ልክና የጡንቻው ውፍረት፣ የእያንዳንዱም ነገር ቀለም ሳይቀር ለተጫዋቹ ፈቃድ የተተወ ነበር። ከከተማይቱ ደጅ ቆመው በዚህ ስፌት ላይ ብቻ ሌሊቱን የሚያነጉ ሰዎች ነበሩ። አትላስ ፓርክ በሚባለው ሠፈር፣ ሉል ከተሸከመው ከአትላስ ሐውልት አጠገብ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ተጫዋቾች ራሳቸው የሚጠሩት የልብስ ውድድር ልማድ ሆነ፤ ጀግኖቹ በተራ ይሰለፋሉ፣ የጠራቸው ሰው በመካከላቸው እየተዘዋወረ ይመረምራል፣ ሽልማቱንም በጨዋታው ገንዘብ ከገዛ ራሱ ኪስ ይከፍላል።

ስለ ካባ አንድ ቃል ሳልል ባልፍ ይቆጨኛል። ጨዋታው በወጣባቸው በመጀመሪያዎቹ ወራት በፓራጎን ካባ የሚደርብ ተጫዋች አልነበረም፤ በነፋስ የሚውለበለበውን ጨርቅ በኮምፒውተር ማንቀሳቀስ ቀላል ሥራ አይደለምና፣ የካባው ነገር ገና ተዘጋጅቶ አላለቀም ነበር። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር፣ በሁለተኛው ማሻሻያ (ማሻሻያዎቹ ሁሉ እንደ ሥዕላዊ መጽሔት እትም «ኢሹ» እየተባሉ በተራ ቁጥር ይጠሩ ነበር) ካባው በመጣ ጊዜ ለዘገየበት ምክንያት ገድል ተጻፈለት፤ ይኸውም ሂሮ ዋን የተባለ ባለ ካባ ጀግና፣ ሪክቲ ከተባሉት ከሌላ ዓለም የመጡ ወራሪዎች ጋር በተደረገው ጦርነት ራሱን ስለ ሠዋ፣ ለእርሱ ክብርና መታሰቢያ ሲባል አዲስ ጀግና ሃያኛው ደረጃ ላይ ሳይደርስና ሳይፈተን ካባ እንዳይለብስ ሥርዓት ተደነገገ የሚል ነበር። የእጅ ሥራ መዘግየት በሐዘን ሥርዓት እንዲህ አምሮ ሲሸፈን ሌላ ምሳሌ አላውቅም። ተጫዋቾቹም ነገሩን እያወቁ ሥርዓቱን በደስታ ጠበቁት።

ይህ ሁሉ ልብስ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ፓራጎን ከመቆርቆሯ ከስድሳ ዓመት በላይ አስቀድሞ በኒው ዮርክ የተነሣ ነው። ሱፐርማን በ1938 «አክሽን ኮሚክስ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቶ ገበያው በደራ ጊዜ፣ በማግስቱ ዓመት ሌላ አሳታሚ «ዎንደር ማን» የተባለ፣ ጥይት የማይበሳው፣ ጠባብ ልብስ የለበሰ ጀግና አወጣ፤ የሱፐርማን ባለቤቶችም ወዲያው ስለ ከሰሱ ዎንደር ማን ከአንድ እትም ያለፈ ዕድሜ ሳያገኝ ቀረ። በ1940 የይግባኙን ፍርድ የጻፉት ዳኛ አውገስተስ ሃንድ፣ ለሰው ልጅ በረከት የሆነ ኃያል ሰው የሚለውን ባዶ ሐሳብ ማንም ብቻውን ሊይዘው እንደማይችል፣ ነገር ግን ያ ሐሳብ ሥጋ የለበሰበት የተለየ አሣሣልና አተራረክ የባለቤቱ ብቻ እንደ ሆነ ለይተው አስቀመጡ። ድንበሩ በወረቀት ላይ ግልጽ ይመስላል፤ በሜዳ ላይ ግን ማንም ችካል አልተከለበትም።

ከዚህ ፍርድ ጥቂት ቀደም ብሎ ፎሴት የተባለው አሳታሚ ካፒቴን ማርቭልን አውጥቶ ነበር፤ ይህም ቢሊ ባትሰን የተባለው ልጅ «ሻዛም» ብሎ በጠራ ጊዜ መብረቅ ወርዶ ወደ ኃያል ጎልማሳ የሚለውጠው ጀግና ነው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታትም በሽያጭ ሱፐርማንን እስከ መብለጥ ደረሰ። የሱፐርማን ባለቤቶች በፎሴት ላይ በ1941 ክስ መሠረቱ፤ ጉዳዩ ለመሰማት እስከ 1948 ቆየ፤ በ1951 የይግባኙ ችሎት በዳኛ ለርንድ ሃንድ፣ የአውገስተስ የአጎት ልጅ በነበሩት፣ ፍርድ ለሱፐርማን ባለቤቶች አዘነበለ፤ በ1953ም ፎሴት 400,000 ዶላር ከፍሎ ጀግናውን ላያሳትም ተስማማ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ተራ ክስ ይሆን ነበር። የፎሴት ጀግና ከገበያ ከጠፋ በኋላ ስሙ ባለቤት አልባ ሆኖ ስለ ቆየ፣ በ1967 ማርቭል ኮሚክስ አንሥቶ ለሌላ ጀግና ሰጠውና የንግድ ምልክቱን ያዘ፤ በ1972 ደግሞ አስቀድሞ ከሳሽ የነበረው ድርጅት፣ ዲሲ፣ ያንኑ በክስ ከገበያ ያወጣውን የፎሴትን ጀግና በፈቃድ ተከራይቶ ሊያሳትም ሲነሣ፣ በመጽሔቱ ሽፋን ላይ በገዛ ስሙ ሊጠራው ስላልተፈቀደለት «ሻዛም!» ሲል ሰየመው። አሥራ ሁለት ዓመት ተሟግቶ ያሸነፈ ሰው ያሸነፈውን ጀግና በስሙ ለመሸጥ ያለመቻሉ፣ ስም በአገልግሎት የሚያዝ በዝምታም የሚለቀቅ ርስት መሆኑን ከማናቸውም የሕግ መጽሐፍ አብልጦ ያስተምራል።

እነዚህ ሁለት ተፎካካሪዎች፣ ዲሲና ማርቭል፣ በአንድ ነገር ግን ተስማሙ። በ1960ዎቹ አንድ የጭንብልና የበዓል ልብስ ሠሪ፣ በ1970ዎቹም አንድ የአሻንጉሊት ሠሪ «ሱፐር ሂሮ» የሚለውን ቃል የንግድ ምልክታቸው ለማድረግ አመልክተው ነበርና፣ ይህ መብት በመጨረሻ ወደ ሁለቱ አሳታሚዎች ተላልፎ በ1980ና በ1981 በአሜሪካ መዝገብ ላይ በጋራ ስማቸው ተጻፈ። ሕፃን ሁሉ የሚጠራው ቃል የሁለት ነጋዴዎች የጋራ ሀብት ሲሆን፣ ያውም እርስ በርሳቸው በብርቱ የሚፎካከሩ ሁለት ነጋዴዎች ሲሆኑ፣ የሚያስገርም ነው፤ ሆኖም ከአርባ ዓመት በላይ ጸንቶ ኖረ።

አሁን ወደ ሥዕላዊ መጽሔቶቹ አንባቢ ልዙር፤ የነገሩ ሥር ያለው ከእርሱ ዘንድ ነውና። በ1960 ገደማ የዲሲ አርታኢ ጁሊየስ ሽዋርትዝ የአንባቢዎችን ደብዳቤ ከነሙሉ አድራሻው ማተም ስለ ጀመሩ፣ ተለያይተው ይኖሩ የነበሩ ወዳጆች እርስ በርሳቸው መጻጻፍ ቻሉ። በ1961 ጄሪ ቤይልስ የተባሉ የዲትሮይት መምህር «ኦልተር ኢጎ» የተባለውን የአፍቃሪዎች መጽሔት አወጡ፤ ከሚዙሪ ሆኖ በሥራው የተባበራቸው ወጣቱ ሮይ ቶማስ በ1972 የማርቭል ዋና አርታኢ ለመሆን በቃ። በዚሁ በማርቭል ቤት ደግሞ ስታን ሊ ከደብዳቤ ጸሐፊዎች ጋር እንደ ወዳጅ ይጨዋወቱ፣ በታሪኩ ውስጥ የታየውን ስሕተት ጠቁሞ ስሕተት ያለመሆኑን በብልሃት ላስረዳ አንባቢ «ኖ-ፕራይዝ» የተባለ ሽልማት ይሰጡ ነበር፤ ሽልማቱም እንደ ስሙ ምንም የሌለበት፣ በላዩ ላይ የሽልማት ማብሠሪያ የታተመበት ባዶ ፖስታ ነበር። አንባቢዎቹ ይህን ባዶ ፖስታ እንደ ሜዳልያ ያስቀምጡት ነበር።

ጉዳዩን ሳስበው ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው። ማርቭል ገበያውን ያሰፋው አንባቢውን ከደጅ ጠርቶ ወደ ጓዳ በማስገባት፣ የጀግኖቹን ጉድለት እንዲሞላ፣ ታሪካቸውን እንዲያቃና፣ ልብሳቸውን እየሣለ እንዲልክ በማደፋፈር ነበር፤ ይህን ልማድ የለመዱት ልጆች አድገው፣ ከእነርሱም በኋላ የመጣው ትውልድ ኮምፒውተር ይዞ፣ መርፌና ክሩን የሚሰጣቸው ጨዋታ ባገኙ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ከሳሽ የሆነው ያው ያስለመዳቸው ቤት ነው።

ከፓራጎን በፊት የነበሩት የሱፐርሂሮ ጌሞች ይህን ጥያቄ አላስነሡም። ሱፐርማን በ1979 ለአታሪ፣ ስፓይደርማን በ1982 በፓርከር ብራዘርስ ሲወጡ፣ ተጫዋቹ በፈቃድ የተሠራ ጀግና ተቀብሎ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳል እንጂ የሚፈጥረው ስለሌለ፣ የባለቤትነት ሙግት በኩባንያና በኩባንያ መካከል ይቀር ነበር። ከእነዚያ ሙግቶች የገነነው በ1982 ዩኒቨርሳል የተባለው የፊልም ድርጅት ኒንቴንዶ በተባለው ጌም ሠሪ ላይ ያነሣው ነው፤ «ዶንኪ ኮንግ» የተባለው ጨዋታ፣ ትልቅ ዝንጀሮ ሴት ልጅ ማርኮ ሕንፃ ላይ ሲወጣ ስለሚያሳይ፣ የኪንግ ኮንግን ስምና መልክ ነጥቋል ሲል ዩኒቨርሳል ከሰሰ። ዛቻው አስቀድሞ ኮሌኮን የመሰለ ኩባንያ አስፈርቶ ክፍያ አስፈርሞ ነበር። የኒንቴንዶ ጠበቃ ጆን ከርቢ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ዩኒቨርሳል ራሱ በሌላ ክስ፣ የኪንግ ኮንግ ታሪክ የሕዝብ ሀብት ነው ብሎ ተከራክሮ ማሸነፉን ከችሎቱ ፊት አቀረቡ፤ ዳኛ ሮበርት ስዊትም በ1983 ለኒንቴንዶ ፈረዱ፣ ይግባኙም በማግስቱ ዓመት ያንኑ አጸና። ኒንቴንዶ ለጠበቃው «ዶንኪ ኮንግ» የተባለች ባለ ሸራ ጀልባ፣ ስሙንም በጀልባ ላይ ብቻቸውን እንዲጠቀሙበት ፈቃድ ጨምሮ አበረከተላቸው፤ በ1992 በኒንቴንዶ ጨዋታ የወጣው ክብ ሮዝ ፍጡርም ከርቢ ተባለ።

ወደ ፓራጎን እንመለስ። ማርቭል በ1996 መጨረሻ ለኪሳራ ተዳርጎ ከዚያ ገና ያገገመ ድርጅት ነበር፤ በ2002 የወጣው የስፓይደርማን ፊልም በዓለም ላይ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካስገባ በኋላ፣ ሀብቱ በወረቀትና በቀለም ሳይሆን በጀግኖቹ ስምና መልክ ኪራይ ላይ መሆኑን ከማንም ይልቅ ራሱ ያውቅ ነበርና፣ ማንኛውንም ቀዳዳ በዐይነ ቁራኛ ይጠብቅ ጀመር። በኖቬምበር 2004 በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት በኤንሲሶፍትና በክሪፕቲክ ላይ ክስ መሠረተ። የክሱ ፍሬ ነገር ይህ ነበር፤ የልብስ መስፊያው መሣሪያ ተጫዋች ሁሉ ኃይሉን ከሳይንስ ያገኘ፣ ግዙፍ፣ አረንጓዴ «ታንከር» (ከአምስቱ ማዕርጋት አንዱ) ሠርቶ የማርቭልን ሀልክ፣ ከባሕርይ ለውጥ የተወለደ ባለ ጥፍር «ስክራፐር» (ይህም ሌላው ማዕርግ) ሠርቶ ዎልቨሪንን በአርአያና በአምሳል እንዲያወጣ ያስችለዋል፣ ኩባንያዎቹም ይህን እያወቁ ገንዘብ ይሰበስቡበታል የሚል። ምንጩም ማዕርጉም በክሱ ውስጥ በጨዋታው ቋንቋ ስለ ተጠቀሰ፣ ተጫዋቾች አቤቱታውን ሲያነቡ የጻፈው ጠበቃ ከእነርሱ ጋር አትላስ ፓርክ የቆመ ያህል ሳይመስላቸው አልቀረም።

ለነገሩ ቆሞም ነበር። ማርቭል ከአቤቱታው ጋር ካያያዛቸው ሥዕሎች መካከል አንዳንዶቹን ጀግኖች የፈጠሯቸው የማርቭል የራሱ ሰዎች፣ ወደ ጨዋታው ገብተው፣ በገዛ እጃቸው ሰፍተው እንደ ሆነ ተከሳሾቹ አስረዱ፤ ዳኛ ጋሪ ክላውዝነርም እነዚያ ማስረጃዎች ከመዝገቡ እንዲወጡ አዘዙ፣ የጀግናው ባለቤት ራሱ ጀግናውን ቢሣል የማንም መብት አልተደፈረምና። ከዚህ የከበደው ግን በማርች 2005 የተሰጠው ብይን ሌላው ክፍል ነው። የንግድ ምልክት ሕግ የሚጠብቀው ምልክቱ በንግድ ላይ ሲውል ነው፤ ተጫዋቹ ግን በትርፍ ሰዓቱ ይጫወታል እንጂ ምንም አይሸጥም፤ ስለዚህ ተጫዋቹ በዚህ ሕግ ያልበደለ ከሆነ፣ ለበደሉ መሣሪያ አቀበለ ተብሎ ኩባንያው ሊከሰስ አይችልም ሲል ችሎቱ የንግድ ምልክቱን ክስ አብዛኛውን ክፍል ውድቅ አደረገው። የቅጂ መብቱ ክስ ግን፣ ይኸውም ኩባንያዎቹ ለተጫዋቾች ቅጂ ተባባሪ ናቸው የሚለው፣ ገና አልወደቀም ነበር። ችሎቱ በዚህ ላይ የመጨረሻ ቃሉን ሳይናገር በዲሴምበር 2005 ተከራካሪዎቹ ታረቁ፤ የዕርቁ ውል ባይገለጥም፣ የልብስ መስፊያው መሣሪያ እንዳልተለወጠ ግን ተነገረ። በ1940 አውገስተስ ሃንድ በወረቀት ላይ ያሠመሩት ድንበር እንደ ገና ችካል ሳይተከልበት ታለፈ፤ የሕግ ተመራማሪ ይህን ዕርቅ ሲያነብ ቢያዝን አይፈረድበትም።

በዚያን ወራት በተጫዋቾች መካከል የነበረው ሙግት ከችሎቱ የሚያንስ አልነበረም። ብዙዎቹ፣ ሕፃን በእርሳስ ሱፐርማንን ስለ ሣለ የእርሳስ ነጋዴ ይከሰሳልን? እያሉ ይጠይቁ ነበር። ነገር ግን ከእነርሱ መካከል ማርቭልን የደገፉ መኖራቸው መዘንጋት የለበትም፤ ራሳቸው ደክመው አዲስ ስምና አዲስ ገድል የፈጠሩ ተጫዋቾች፣ በየመንገዱ ጥፍራም ዎልቨሪን እየተደቀነባቸው ተሰላችተው ነበርና፣ እንዲህ ያለውን ሲያዩ ለጨዋታው ጠባቂዎች ያመለክቱ ነበር። የተጠቃሚው ውል የሌላውን ጀግና መቅዳት ስለሚከለክል፣ ጥፋቱ የታየበት ጀግና ስሙ ይፋቅና «ጄኔሪክ ሂሮ» ተብሎ በቁጥር ይጠራ፣ ልብሱንም ያጣ ነበር፤ በተጫዋቾቹ አነጋገር «ጄኔሪክ ተደረገ» ይባላል። ቁጥር ብቻ ተሸክሞ፣ ያለ ጌጥ፣ በአደባባይ መቆም ለኃፍረት ይበቃ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ይህ የከተማይቱ የገዛ ሥርዓት ከክሱ ይልቅ ለማርቭል ጥቅም የቆመ ይመስለኛል።

ከዕርቁ አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ በ2006 ሴፕቴምበር፣ ማይክሮሶፍት አንድ የማርቭል ጨዋታ በመረብ ላይ እንደሚያወጣ ሲያስታውቅ ሠሪ ሆኖ የተጠራው ማን ነው? ክሪፕቲክ። ተከሳሹ የከሳሹን ጀግኖች ሊያለብስ ተቀጠረ ማለት ነው። ይህ ሥራ በ2008 ተሰረዘ፤ ክሪፕቲክ ግን የደከመበትን ነገር በ2009 «ቻምፒዮንስ ኦንላይን» ብሎ አወጣው፣ ከዚያ ቀደም ብሎም ፓራጎንን ለኤንሲሶፍት ሸጦ ነበር። ማርቭል በራሱ ስም የተሠራለት «ማርቭል ሂሮስ» ከ2013 እስከ 2017 ብቻ ኖሮ ተዘጋ፤ በዚያ ጨዋታ ተጫዋቹ የታወቁትን ጀግኖች ይመርጣል እንጂ የራሱን አይሰፋም ነበር።

በእነዚህ ዓመታት የስም ሙግት በችሎት ብቻ መወሰኑ እየቀረ ወደ አደባባይ ወጣ። በ2011 ቤቴስዳ የተባለው ኩባንያ «ስክሮልስ» የሚለው ስም የራሱን «ኤልደር ስክሮልስ» ይመስላል ብሎ ማይንክራፍትን የሠራውን ሞጃንግ በከሰሰ ጊዜ፣ የሞጃንግ መሥራች ማርከስ ፐርሰን ክርክሩ በ«ኩዌክ» ውጊያ ይፈታ ብሎ በአደባባይ ተፎካከረ፤ ግጥሚያው አልሆነም፣ ነገሩ በ2012 በዕርቅ አለቀ። በ2014 ደግሞ ኪንግ የተባለው ኩባንያ «ካንዲ» የሚለውን ተራ ቃል በአሜሪካ ሊያስመዘግብ መፈለጉ በታወቀ ጊዜ፣ ትንንሽ ጌም ሠሪዎች በቁጣና በሳቅ ተነሥተው ስማቸው «ካንዲ» የሆነ ጨዋታዎችን በብዛት ሠሩ፤ ኩባንያውም በፌብሩዋሪ ማመልከቻውን ተወው።

የፓራጎን ፍጻሜ ግን ከችሎት አልመጣም። ኦገስት 31 ቀን 2012 ኤንሲሶፍት ጨዋታውን ይሠራ የነበረው የራሱ ስቱዲዮ እንደሚዘጋና ከተማይቱም በዓመቱ መጨረሻ እንደምትጠፋ በድንገት አስታወቀ። ከ20,000 በላይ ሰዎች የፈረሙበት ልመና ቀረበ፤ ጀግኖቹም በሴፕቴምበር አንድ ምሽት ወደ አትላስ ፓርክ ተሰብስበው፣ ችቦ አብርተው፣ ሐውልቱን ከበው ቆሙ፤ አንድ ሠፈር ሲሞላ ኮምፒውተሩ ሌላ ተመሳሳይ ሠፈር ይከፍት ስለ ነበር፣ በአንድ ቦታ ያሉ መስሏቸው በብዙ አትላስ ፓርኮች ተከፋፍለው ቆሙ። ኤንሲሶፍት አልመለሰም። በኖቬምበር 30 ሌሊት ተጫዋቾች እየተነጋገሩ ሳለ ግንኙነቱ ተቋረጠ። የማርቭል ጠበቆች ሊያደርጉት ያልቻሉትን የኩባንያው የሒሳብ መዝገብ በአንድ ማስታወቂያ ፈጸመው፤ በዚህ ዘመን ሰዎች የሚኖሩባት ከተማ የማን ናት ለሚለው ጥያቄ ይህ ከሁሉ የጨከነው መልስ ነበር።

ከተማይቱ ከጠፋች በኋላ የቀረው ወሬዋ ነበር፤ ወሬዋን ያቆዩት ሰዎችም አልተበተኑም። ጥቂቶቹ ምትክ ከተማ ለመሥራት ተነሡ፤ በ2013 «ሲቲ ኦፍ ታይታንስ» ለተባለው ሥራ ከ600,000 ዶላር በላይ ተዋጣ። በኤፕሪል 2019 ግን ማንም ያልጠበቀው ነገር ተገለጠ፤ ጥቂት ሰዎች የጨዋታውን ኮድ አግኝተው ለስድስት ዓመት ያህል ፓራጎንን በምሥጢር፣ ለተመረጡ እንግዶች ብቻ፣ ሲያኖሯት ቆይተዋል። የመጀመሪያው ስሜት ደስታ አልነበረም፤ በውጭ ቆመው ሲያዝኑ የኖሩት ሰዎች በእነዚያ ምሥጢር ጠባቂዎች ላይ የተናገሩት ቃል ኤንሲሶፍት ላይ ከተናገሩት ይከፋ ነበር። በቁጣው ብዛት ኮዱ ወደ አደባባይ ወጣ፤ በጥቂት ሳምንታትም የከተማይቱ ቅጂዎች በየስፍራው ቆሙ፣ ከእነርሱም «ሆምካሚንግ» የተባለው፣ በበጎ ፈቃደኞችና በመዋጮ የሚተዳደረው፣ ዋነኛው ሆነ። ሕጉ በዚህ ጊዜ ግልጽ ነበር፤ ኤንሲሶፍት አንድ ደብዳቤ ቢጽፍ ሁሉም በተዘጋ ነበር። ደብዳቤው አልተጻፈም፤ በመካከሉ ድርድር ይካሄድ ነበርና፣ በጃንዋሪ 2024 ኤንሲሶፍት ለሆምካሚንግ ሕጋዊ ፈቃድ መስጠቱ ታወጀ። ተጫዋቾች ከእጃቸው የተወሰደችውን ከተማ ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ከባለቤቱ ፈቃድ ማግኘታቸው በዚህ ሙያ ታሪክ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

በዚያው ዓመት፣ በሴፕቴምበር፣ ዲሲና ማርቭል በጋራ የያዙት «ሱፐር ሂሮ» የተባለው ምልክት ከአሜሪካ መዝገብ ተፋቀ። ስለ ሕፃናት ጀግኖች መጽሐፍ የሚያዘጋጅ አንድ ትንሽ ድርጅት ምልክቱ ይሰረዝ ዘንድ ለንግድ ምልክት ጽሕፈት ቤቱ አመልክቶ ነበርና፣ ሁለቱ ባለጸጎች በተሰጣቸው ጊዜ ውስጥ መልስ ሳያቀርቡ ስለ ቀሩ፣ በሌሉበት ተፈረደባቸው። የየጀግኖቹ ስም፣ ሱፐርማንም ዎልቨሪንም፣ እንደ ቀድሞው በባለቤቶቹ እጅ አለ፤ የጋራው ቃል ብቻ ተለቀቀ። ሆምካሚንግን የሚያስተዳድሩት በጎ ፈቃደኞችም በአሮጌው ሥርዓት ጸንተው፣ የሌላውን ጀግና በአምሳሉ ሰፍቶ የገባውን ተጫዋች ስሙን ይፍቁታል፣ ጄኔሪክም ያደርጉታል።